«ዴሚዩርጎስ» ስለሚባለው የጽርዕ ቃል



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት በምዕራፍ 11 ቍጥር 10፥ አባታችን አብርሃም በድንኳን ሲኖር ተስፋ ያደርጋት የነበረችውን ከተማ የሠራት እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። በዚያ ስፍራ በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈው ቃል «ዴሚዩርጎስ» የሚል ነው፤ በሐዲስ ኪዳንም ከዚህ ከአንዱ ስፍራ በቀር አይገኝም። ዛሬ የዚህን ቃል ታሪክ እንመለከታለን፤ በውስጡ ታላቅ የሃይማኖት ነገር አለበትና።

ቃሉ ከሁለት ቃላት የተሰናዳ ነው። «ዴሞስ» ሕዝብ፥ «ኤርጎን» ሥራ ማለት ነው፤ እንግዲህ ትርጓሜው ለሕዝብ የሚሠራ ማለት ይሆናል። ባለቅኔው ሆሜር «ኦዲሴ» በተባለው መጽሐፉ በ17ኛው ክፍል በዚህ ስም የሚጠራቸው ትንቢት ነጋሪውን፥ ባለመድኃኒቱን፥ እንጨት ጠራቢውንና ዘፋኙን ነው። እነዚህ ሁሉ ከሩቅ አገር እንኳ ተጠርተው የሚመጡ፥ ሙያቸው ለሕዝብ የሚጠቅም ሰዎች ነበሩ። በኋላም በአንዳንድ የግሪክ ከተሞች ሕዝብን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት በዚሁ ስም ተጠሩ።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ፈላስፋው አፍላጦን «ጢማዎስ» በተባለው መጽሐፉ ይህን የሠራተኛ ስም ከፍ አድርጎ ዓለምን ላሰናዳው አምላክ ሰጠው። ነገር ግን የአፍላጦን ሠሪ ሥርዐት ያልነበረውን ነገር በሥርዐት አስማማ እንጂ ካለመኖር ወደ መኖር አላመጣም። ከ600 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ መልስ ሰጥቶበታል፤ አምላክ አስቀድሞ የነበረ ነገር ካላገኘ መሥራት የማይችል ከሆነ፥ ያለ እንጨት ምንም እንደማያበጅ ጠራቢ ደካማ ይሆናል፤ ሠራተኛ እንጂ ፈጣሪ አይባልም ሲል አስረዳ።

ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የተነሡት መናፍቃን፥ እነ ዋሌንጢኖስ፥ ይህንኑ ስም ወደ ታች ጣሉት። የሚታየውን ዓለም የሠራው ዴሚዩርጎስ ከላይኛው አምላክ የሚያንስ፥ እውነትንም የማያውቅ ነው አሉ። ሥራውን ስለ ናቁ ሠሪውን ናቁ። የሊዮን ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ180 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፥ ዓለምን የፈጠረውና የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ አባት አንድ አምላክ መሆኑን በመግለጥ ረታቸው። በዚያው አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ይህንኑ መሰከሩ። እኛም በጸሎተ ሃይማኖት እግዚአብሔር አብን «ገባሪ» ብለን እንጠራዋለን፤ «ገባሪ» ደግሞ ሥራ ከሚለው ከግዕዙ «ግብር» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ በእጁ የሚሠራውን ሰው እንዴት እንንቀዋለን? በአገራችን ማረሻ የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀውና ሸማ የሚሸምነው ብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ጥበበኛ ማለት የነበረው «ጠይብ» የሚለው ቃል እንኳ ስድብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ዐዋጅ ግን አንደበትን ይከለክላል እንጂ ልብን አያነጻም።

ምእመናን ሆይ፤ ሰማይና ምድርን ያለ ድካም የፈጠረ እርሱ ሰው በሆነ ጊዜ በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል። ማረሻችንን የሚያበጅልንን ሰው በመንገድ ስናገኘው ይህን እናስብ፤ በማዕዳችንም በቤተ ክርስቲያናችንም ከአጠገባችን እናስቀምጠው።

ለገባሬ ኵሉ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።