ቶሎ የሚደርስ ዘር፦ ከጤፍ አበባ እስከ ስማዳ

ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስማዳ አለ፤ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት አገር። እዚያ የተዘራ ጤፍ ማበብ ያለበት መሬቱ እርጥበት ሳያጣ ነው። ከዘገየ ቡቃያው ቢያምርም ፍሬ አይቋጥርም።

ታዲያ ተመራማሪዎቻችን ቶሎ የሚደርስ ጤፍ አዳቅለው ለማውጣት ለምን ያን ያህል ዓመት ፈጀባቸው?

የጤፍ ምርምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራው ከገበሬው ጤፍ መካከል የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። ማዳቀል አልተቻለም። የጤፍ 1000 ፍሬ ከግማሽ ግራም በታች ይመዝናል፤ አበባዋም እንደዚያው ደቃቅ ናት፤ ደግሞም ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ረፋድ ላይ አበባዋን የከፈተ ተመራማሪ ነገሩ ሁሉ አልቆ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዶ/ር ታረቀ በርሄ ምሥጢሩን ደረሱበት፤ የጤፍ አበባ የምትከፈተው በማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በአጉሊ መነጽር እየታገዙ ሁለት ጤፎችን ማዳቀል ተቻለ። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1984 ቶሎ የሚደርሰው ፀደይ፣ በ2006 ቁንጮ፣ በ2009 ደግሞ ዝናብ ለሚያጥርባቸው አካባቢዎች የታሰበው ስማዳ ወጡ። ስማዳ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ቶሎ መድረስ ዋጋ ያስከፍላል። ፈጥኖ የሚያብብ ተክል ምግቡን የሚያጠራቅምበት ጊዜ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ዝናቡ በሞላበት ዓመት ዘግይቶ የሚደርሰው ይበልጠዋል። ዝናቡ ቀድሞ በወጣ ዓመት ግን ቆሞ የሚታጨደው ቶሎ የደረሰው ነው። ገበሬው ይህን ከምርምር ማዕከል በፊት ያውቀዋል፤ ሁለቱንም ዓይነት ዘር ይዞ የዝናቡን አገባብ አይቶ ይወስናል። የቁንጮ ወላጆችም ሁለቱም ከገበሬ ጤፍ የተመረጡ ናቸው።

ስለዚህ «ምርጥ ዘር» እየተባለ አንዱን ዓይነት ለደጋውም ለቆላውም ማደል የሃምሳ ዓመቱን ትምህርት መርሳት ነው። በምርት ብዛት ብቻ የሚለካ ዕቅድ ሁልጊዜ ዘግይቶ ወደሚደርሰው ያደላል፤ አደጋውን የሚሸከመው ደግሞ የስማዳ ገበሬ ነው። የገበሬው ነባር ዘር ከጎተራ ከጠፋም፣ ነገ አዳቃዩ የሚያዳቅለው አይኖረውም።

የግብርና ሹማምንት የምርት ዕቅድ ሲያቀርቡ አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ዝናቡ ቢዘገይ፣ የሚዘራው ዘር በሐምሌ ወረዳው ውስጥ አለ ወይ? ቶሎ የሚደርስ ዘር ለገበሬው ዘግይቶ ከደረሰ፣ ያ ሁሉ የማለዳ ልፋት ከንቱ ነው።