የትምህርት ማስረጃ ሳይኖራቸው ከሥራ ርቀው ለቆዩ ሥራ ፈላጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና በአካባቢው ለሚኖሩ ወይም ይኖሩ ለነበሩ፣ ልጅ በማሳደግ፣ ሕመምተኛ በማስታመም ወይም በሌላ ምክንያት ለዓመታት ከሥራ ርቀው ለቆዩና ዲፕሎማም ሆነ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ለሌላቸው ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ካዛንቺስ የሆቴሎች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና የጽሕፈት ቤቶች ሰፈር እንደ መሆኑ ብዙ ነዋሪዎቹ በምግብ ዝግጅት፣ በመኝታ ክፍል አያያዝ፣ በልብስ እጥበት፣ በመስተንግዶና በጥበቃ ሥራ አገልግለዋል። ይህ ልምድ ከትምህርት ቤት ስላልተገኘ ብቻ ዋጋ አያጣም፤ ነገር ግን ቀጣሪው አይቶ ሊያምነው በሚችል ሰነድ መደገፍ ይኖርበታል።

1. የቀድሞ ሥራን በሰነድ ማረጋገጥ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥራውን ሲለቁ ይህን ወረቀት ካልወሰዱ የቀድሞ ድርጅትዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ቦታ ቀይሮ ከሆነ የሚከተሉት በማስረጃነት ሊረዱ ይችላሉ፦

• የቀድሞ የሥራ ውል ወይም የድርጅቱ መታወቂያ፤
• የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ወይም ደመወዝ ይገባበት የነበረ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፤
• የጡረታ መዋጮ መረጃ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ስለተዘረጋ፣ ከዚያ ወዲህ መዋጮ የተከፈለላቸው ሠራተኞች የቆየ መዝገብ ሊኖራቸው ይችላል።

በግለሰብ ቤት የተሠራ የቤት ሠራተኝነት በአዋጅ 1156/2011 አይሸፈንም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የቆዩ አመልካቾች ያሠሯቸው ቤተሰቦች የአገልግሎት ዘመናቸውንና የሥራቸውን ዓይነት ጽፈው እንዲፈርሙላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

2. የሙያ ብቃት ምዘና

በብዙዎች ዘንድ «ሲኦሲ» በመባል የሚታወቀው የሙያ ብቃት ምዘና በኮሌጅ ለሠለጠኑት ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ሙያቸውን በሥራ ላይ ለቀሰሙ ሰዎችም ክፍት ነው። ምዘናው የሚያተኩረው ሙያው የት እንደ ተገኘ ሳይሆን፣ ሥራው በወጣለት የሙያ ደረጃ መሠረት መሠራቱ ላይ ነው። የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል ያለው ሲሆን፣ ብቁ ሆነው የተገኙ ተመዛኞች የምስክር ወረቀት ያገኛሉ።

ለረጅም ጊዜ ከሥራ የራቀ ሰው ሳይዘጋጅ ወደ ምዘና ባይገባ ይመረጣል። አስቀድመው በሚመዘኑበት ሙያ ምን እንደሚጠየቅ ይወቁ፤ ለምሳሌ ምግብ አዘጋጅ ከሆኑ የንጽሕና አጠባበቅን፣ የምግብ አቀማመጥንና የመሣሪያ አጠቃቀምን ይከልሱ። ክፍተት ካለብዎ በአጭር ጊዜ ሥልጠና ይሙሉት። የምዘናውን ክፍያና ቀን ከምዘና ተቋሙ አስቀድመው ያረጋግጡ።

3. ምዝገባና መታወቂያ

በሚኖሩበት ወረዳ በሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። ለምዝገባ ሲሄዱ የነዋሪነት መታወቂያዎንና የፋይዳ ቁጥርዎን ይያዙ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ አካባቢ የተዛወሩ ነዋሪዎች፣ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ወስደው በአዲሱ ወረዳ መታወቂያቸውን ማስተካከላቸውን ያረጋግጡ። ይህ ሳይሟላ ከቀረ ምዝገባው ሊጓተት ይችላል።

4. ማመልከቻ አጻጻፍ

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከሥራ የራቁበትን ጊዜ መደበቅ አያስፈልግም፤ ቀጣሪው የዓመታቱን ክፍተት ከሰነዱ ስለሚያየው፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጾ ወደ ችሎታ ማለፍ ይበቃል። ለምሳሌ፦

«ከ2003 እስከ 2010 ዓ.ም. በሆቴል ወጥ ቤት በረዳት ምግብ አዘጋጅነት ሠርቻለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቼን ለማሳደግ ከቅጥር ሥራ ርቄ የቆየሁ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አቀርብ ነበር። ችሎታዬን በተግባር ፈተና ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።»

በእረፍቱ ዘመን የተሠራ የእንጀራ አቅርቦት፣ የድግስ ምግብ ዝግጅት ወይም የዕድር ገንዘብ ያዥነት ሁሉ ልምድ ስለሆነ ይጻፍ።

5. ተያዥ

ገንዘብ ወይም ንብረት በሚያስረክቡ የሥራ መደቦች፣ እንደ ገንዘብ ተቀባይነትና ዕቃ ግምጃ ቤት ያሉት፣ ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ተያዥ ይጠይቃሉ። ተያዡ በአብዛኛው ቋሚ ሥራ ያለውና ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ ማቅረብ የሚችል ሰው ነው። የሰፈር ጎረቤት በተበተነበት ሁኔታ ተያዥ ማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ይነጋገሩ። ተያዡ የሚፈርመው ኃላፊነት እስከ ምን ያህል እንደሆነም አብራችሁ አንብቡ።

6. ሲቀጠሩ ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶች

• የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ለአገር ውስጥ ሥራ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። «ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅ ደላላ ገንዘብ አይስጡ።
• የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በዚህ ጊዜም ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈለዋል።
• ወደ ቀድሞ አሠሪዎ ተመልሰው በዚያው ሥራ ላይ ከተቀጠሩ ዳግመኛ የሙከራ ጊዜ አይጣልብዎትም።
• የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባል።
• ሴት አመልካች ከወንድ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ታገኛለች።

ማሳሰቢያ፦ የትምህርት ወይም የብቃት ማስረጃ የለኝም ብሎ በእውነት ማመልከት አያስነውርም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ግን በወንጀል ያስጠይቃል፣ የተገኘውንም ሥራ ያሳጣል። ለተጨማሪ ማብራሪያ በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ይጠይቁ።