የናቡቴ ወይን ቦታ፦ ሕግ የለበሰ ግፍ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዘመን እስራኤልን የገዛው አክዓብ ኃያል ንጉሥ ነበር። የአሦር ንጉሥ ስልምናሶር ሣልሳዊ ያስቀረጸው ሐውልት የአክዓብን 2,000 ሰረገላዎች ይጠቅሳል። እንዲህ ያለ ንጉሥ የአንድ ጎረቤቱን ወይን ቦታ ተመኘ። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ (1ኛ ነገ. 21)።

ኤልዛቤል ያደረገችውን ልብ እንበል። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች፤ ጾም አሳወጀች፤ ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች አስቆመች። ሁለት ምስክር የሚጠይቀው ሕግ ንጹሑን ለመጠበቅ የተሰጠ ነበር (ዘዳ. 19፥15)፤ በኢይዝራኤል ግን ንጹሑን መግደያ ሆነ። የከተማው ሽማግሌዎች ናቡቴን እያወቁት የታዘዙትን ፈጸሙ። ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

በሰው ዓይን ጉዳዩ በሕግ የተዘጋ ነበር። እግዚአብሔር ግን ኤልያስን ወደዚያው ወይን ቦታ ላከ። አክዓብ ራሱን ስላዋረደ በቤቱ ላይ የሚመጣው ፍርድ ዘገየ፤ ሆኖም አልቀረም። ከዓመታት በኋላ የልጁ የኢዮራም ሬሳ በናቡቴ እርሻ ላይ ተጣለ (2ኛ ነገ. 9፥25-26)።

ወገኖች፣ አብዛኞቻችን ዙፋንም ማኅተምም የለንም። የሽማግሌዎቹ ፈተና ግን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በቤተ ክርስቲያንም ይደርሰናል። በንጹሕ ሰው ላይ ፈርሙ ስንባል እምቢ ማለትን እግዚአብሔር ያስችለን።