የሁለተኛው ሐኪም ምክር



ሙግት ያለበት ሰው የመጀመሪያው ዳኛ የሰጠው ፍርድ ቅር ቢያሰኘው ይግባኝ ይላል። ይግባኝ ማለቱን ዳኛውን እንደ መድፈር አድርጎ የሚቈጥርበት የለም። መዝገቡ ተገልብጦ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርዱም ይጸናል፥ ወይም ይሻራል። በሐኪም ፊት ግን ብዙዎቻችን ይህን ድፍረት እናጣለን። ይልቁንም ሕመሙ የሴት ሕመም ሲሆን፥ አንድ ጊዜ ለመናገር እንኳ ያሳፈረውን ነገር ለሌላ ሰው ዳግመኛ መናገር ስለሚከብድ፥ የመጀመሪያው ሐኪም ቃል የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ እንዲህ ያለ ሕመም ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በማኅፀን ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የእንቁላል ዕጢዎች አሉ። በነዚህ ዕጢዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ ወይም ዝልግልግ ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት ይወጣል፤ ሐኪሞች ሲስት ይሉታል። የወር አበባዋ ባልተቋረጠ ሴት ላይ የሚታየው አብዛኛው ሲስት ጥቂት ወራት ቈይቶ በራሱ ይጠፋል። ሌላው ግን አይጠፋም፤ ያድጋል፥ ያሳምማል፤ ከጥቂቱም ነቀርሳ ሆኖ የሚገኝ አለ። ጭንቁ አንዱን ከሌላው መለየት ነበር። የሰውን ሆድ ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት ባልተቻለበት ዘመን ሐኪሙ ይዞ የሚቀርበው እጁንና ግምቱን ብቻ ነበርና።

በ1809 በታኅሣሥ ወር፥ በአሜሪካ በኬንታኪ አውራጃ፥ ወይዘሮ ጄን ቶድ ክራውፎርድ የምትባል የ46 ዓመት ሴት ሆድዋ ገፍቶ ምጥ በሚመስል ሕመም ትጨነቅ ነበር። ከብዙ ወራት ጀምሮ እርጉዝ ነኝ ብላ ታምን ነበር፤ ያዩዋት ሁለት ሐኪሞችም ይህንኑ አጸኑላት። ቀንዋ ደርሶ ሕፃኑ አልወጣ ስላለ፥ በማዋለዱ ሥራ እንዲረዳቸው ዳንቪል ከተማ ወደሚኖረው ወደ ዶክቶር ኤፍሬም ማክዳውል ላኩ። እነዚህን ሁለት ሐኪሞች ታሪክ በስሕተታቸው ብቻ ያነሣቸዋል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። ነገሩ እንዳስቸገራቸው አውቀው ሦስተኛ ሰው የጠሩ እነርሱ ናቸውና።

ማክዳውል በኤዲንበርግ የተማረ የ38 ዓመት ሰው ነበር። መርምሮ ሲያይ ማኅፀኑ ባዶ ነው፤ ያበጠው የእንቁላል ዕጢው ነው። ያን ያህል ትልቅ እብጠት ከሆድ ወጥቶ አይቶም ሰምቶም እንደማያውቅ፥ ሕይወትዋም በአደጋ ላይ እንዳለ ሳይደብቅ ነገራት። ዳንቪል ድረስ ከመጣች ግን ሊሞክረው ቃል ገባላት። እርስዋም እሺ አለች።

ከቤትዋ እስከ ዳንቪል 60 ማይል ነው፤ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ መንገድ በክረምት በፈረስ ተቀምጣ በጥቂት ቀናት ፈጸመችው። እብጠቱን በኮርቻው ራስ ላይ አስደግፋ ስለ ሄደች ሆድዋ ተላልጦና በልዞ እንደ ደረሰች ሐኪሙ ራሱ ጽፎአል። በዚያን ጊዜ የማደንዘዣ መድኃኒት አልነበረም፤ ኤተር በኦፕራሲዮን ጊዜ በሕዝብ ፊት የታየው ከ37 ዓመት በኋላ፥ በ1846 ነው። መዝሙረ ዳዊት እየደገመች ቢላዋውን ቻለችው ይባላል። ከውጭ ሕዝቡ ሐኪሙን ለመስቀል ገመድ ይዞ ይጠብቅ ነበር የሚልም ወሬ አለ፤ ይህ ግን እርሱ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ መቼም ጭማሪ አያጣውም።

የተጻፈው ይህ ነው። ሆድዋን 9 ኢንች ያህል ቀደደ። እብጠቱ እንዳለ ሊወጣ ስላልቻለ በስቶ 15 ፓውንድ ዝልግልግ ፈሳሽ አወጣ፤ ከዚያም 7 ፓውንድ ተኩል የሚመዝነውን ከረጢት ቈርጦ ጣለ። ሁለቱ በአንድነት 10 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ሥራው ሁሉ በ25 ደቂቃ አለቀ። በአምስተኛው ቀን ሊጠይቃት ቢሄድ፥ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛትና ተደነቀ። በ25 ቀንዋ እንደ አመጣጥዋ በፈረስ ወደ ቤትዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖረች፤ በ1842 ስትሞት ሐኪሙ ከሞተ 12 ዓመት አልፎት ነበር።

ማክዳውል ይህን ያሳተመው ቈይቶ በ1817 ነው። በሎንዶን አንድ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ አላምንም ብሎ ተሳለቀበት፤ ከዓመታት በኋላ ግን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። ከወይዘሮ ክራውፎርድ ቀጥለው የተጠቀሱት ሁለት ሕሙማን ጥቁሮች ናቸው። ኬንታኪ በዚያን ጊዜ የባርነት አገር ነበረች። ስለ ወይዘሮ ክራውፎርድ «ነገርኋት፥ እሺ አለች» የሚል ተጽፎአል፤ ባሪያ ስለ ሆነች ሴት ግን እሺ የሚል ጌታዋ ነበር። ሌላ ሐኪም ይየኝ ማለትም በእጅዋ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተስፋፋ። ሎንዶን ውስጥ ስፔንሰር ዌልስ የሚባለው ሐኪም በ1858 ጀምሮ እስከ 1880 ድረስ እንዲህ ያለውን ኦፕራሲዮን 1,000 ጊዜ አደረገ። የዳኑትን ብቻ ሳይሆን የሞቱበትንም ቈጥሮ ማሳተሙ ከቢላዋው ይልቅ ያስመሰግነዋል፤ ሌሎች ሐኪሞች ሊፈርዱበት የሚችሉት ቍጥር አቀረበላቸውና።

ነገር ግን መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ሲወደድ ደግሞ ሌላ ጥፋት መጣ። በ1872 በጆርጂያ አውራጃ ሮበርት ባቲ የተባለ ሐኪም፥ ሲስት የሌለበትን የእንቁላል ዕጢ የወር አበባን ሥቃይ ለማስቀረት ብሎ ማውጣት ጀመረ። ልማዱ በአሜሪካም በአውሮፓም ተዛመተ። የሚጥል በሽታ ያለባት፥ አእምሮዋ ታወከ የተባለች፥ ሕመምዋ ምክንያቱ ያልታወቀላት ሁሉ ዕጢዎችዋን ታጣ ጀመር። ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከኦፕራሲዮኑ የተነሣ ሞቱ፤ የተረፉትም ልጅ መውለድን አጡ። ይህን ከተቃወሙት አንዱ ያው ስፔንሰር ዌልስ ነበር፤ ሺህ ጊዜ የቀደደ እጅ አሁን አትቅደዱ አለ። በ1809 ሁለተኛው ምክር ሴቲቱን ወደ ኦፕራሲዮን ወስዶ አዳናት፤ በባቲ ዘመን ግን ሁለተኛ ምክር የሚያስፈልገው ከኦፕራሲዮን ለመዳን ነበር።

ሆድ ሳይከፈት ውስጡን የማየት ነገር የተገኘው በስኮትላንድ፥ በግላስጎ ከተማ ነው። የማኅፀን ሕክምና መምህሩ ፕሮፌሶር አያን ዶናልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ስላገለገለ ስለ ራዳር ያውቅ ነበር። በ1955 በአንድ የቦይለር ፋብሪካ የብየዳን ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ እንዳለ ሰማ። ከሴቶች ሆድ የወጡ እብጠቶችንና ሲስቶችን በመኪና ጭኖ ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ ለማነጻጸሪያም ሥጋ ቀረበለት። ጠጣሩ እብጠትና ውሃ ያዘለው ሲስት የሚመልሱት ሞገድ የተለያየ ሆነ።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ አንዲት ሴት ሊድን የማይችል የጨጓራ ነቀርሳ አለባት ተብላ ተፈረደባት። ዶናልድ በአዲሱ መሣሪያ ሆድዋን ቢያይ፥ በውስጡ ያለው ነቀርሳ ሳይሆን ትልቅ ሲስት መሆኑን የሚያመለክት ምስል ወጣ። ኦፕራሲዮን ተደረገላት፤ የእንቁላል ዕጢ ሲስት ሆኖ ተገኘ፤ ወጣላትና ዳነች። ዶናልድና ባልደረቦቹ ስለ መሣሪያው የጻፉት በ1958 በሰኔ ወር ላንሴት በሚባለው መጽሔት ታተመ። ዛሬ አልትራሳውንድ የምንለው ይህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዳ ለሁለተኛ ሐኪም የምትታይ ሴት ወይዘሮ ክራውፎርድ ያልነበራት ማስረጃ አላት። የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዛ ትሂድ፤ የሲስቱ መጠን በሳንቲሜትር፥ ፈሳሽ ብቻ መሆኑ ወይም ጠጣር ነገር ያለበት መሆኑ፥ የተነሣበትም ቀን ይጻፍበታል። የወር አበባዋ መጨረሻ የመጣበትን ቀንና ሕመሙ የሚብስበትን ጊዜ በማስታወሻ ትያዝ። ሁለተኛው ሐኪም ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ እንደገና እንየው ቢላት፥ ቸል አለኝ አትበል፤ ጠፍቶ ወይም አድጎ መገኘቱ ራሱ መልስ ይሰጣልና። ይውጣ ቢላት ደግሞ፥ ዕጢው ቀርቶ ሲስቱን ብቻ ማውጣት ይቻል እንደ ሆነ ትጠይቀው። ሕመሙ ድንገት በአንድ ወገን በርትቶ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ዕጢው ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጕዳይ ስለ ሆነ በሌሊትም ቢሆን ሌላ ሐኪም ሳይመርጡ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነው።