የግእዝ አኃዝና የቁጥር ቤት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር የሚገኘው የግእዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደል የተወለደ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 9 ላሉት ቁጥሮች፣ ከ10 እስከ 90 ላሉት አሥሮች፣ ለመቶና ለአሥር ሺህ የየራሳቸው ምልክት ስላለው ያለ ዜሮ ለረጅም ዘመናት አገልግሏል። የ2 ምልክት ፪፣ የ20 ደግሞ ፳ በመሆኑ፣ ፳፯ እና ፴፭ ሲደመሩ ፳ና ፴ ፶ን፣ ፯ና ፭ ደግሞ ፲፪ን ይሰጣሉ፤ ከ፲፪ ውስጥ ያለው ፲ በገሃድ ስለሚታይ ከ፶ ጋር ተቀላቅሎ ድምሩ ፷፪ ይሆናል።

ሆኖም ይህን ሥርዓት ከቁጥር ቤት፣ ማለትም አኃዝ በተቀመጠበት ስፍራ ልክ ዋጋ ያገኛል ከሚለው ሐሳብ፣ ጨርሶ የራቀ አድርጎ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። መቶ ላይ ሲደረስ ስፍራ ዋጋን መወሰን ይጀምራል፤ ከ፻ የቀደመው አኃዝ የመቶዎችን ብዛት ሲናገር የተከተለው ግን ስለሚደመር፣ ፪፻ ሁለት መቶ፣ ፻፪ ደግሞ መቶ ሁለት ነው። የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት በሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ይህ በተግባር ይታያል፦ ለ፳፻፲፮ ዓ.ም. ዓመተ ዓለምን የሚፈልግ ደቀ መዝሙር በዚያ ላይ ዓመተ ፍዳ የሚባለውን ፶፭፻ ሲጨምር፣ ፶፭ቱንና ፳ውን መቶዎች ደምሮ ፲፮ን በማስከተል ፸፭፻፲፮ን ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 የተከተለው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአመዛኙ በውጭ ቋንቋ ያስተምሩ ስለነበር፣ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ዜሮ ያለውንና ሙሉ በሙሉ በቁጥር ቤት የሚሠራውን አዲሱን የቁጥር አጻጻፍና ባዕድ ቋንቋን በአንድ ጊዜ መሸከም ነበረበት፤ ይህም ለሕፃን ከባድ ሸክም ነበር። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት እያሉ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት በስፋት የተቻለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዜሮ ነው። ሁለት መቶ አምስት በግእዝ ንግግሩን ቃል በቃል ተከትሎ ፪፻፭ ተብሎ ሲጻፍ፣ በ205 ግን ዜሮ ሰው የሌለበትን አሥር ቤት ይጠብቃል፤ የሰማውን ተከትሎ 2005 ብሎ የሚጽፍ ጀማሪም እንደ ሰነፍ ሊቆጠር አይገባም። በ27 እና በ35 ድምርም 2 በአንድ ቤት ተጽፎ በእጅ የሚያዘው 1፣ መልኩ የአንድ ሆኖ ዋጋው የአሥር ስለሆነ፣ በግእዝ በ፲ ምልክት ይታይ የነበረውን ዋጋ ልጁ አሁን ከአሥር ቤት ራሱ ማንበብ ይኖርበታል።