ቁጥር አገር አይሆንም

ሸዋ ሮቢት ስሠራ አንድ አዛውንት ታካሚ ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው። የመንደራቸውን ስም ነገሩኝ፤ እኔ ካርዱ ላይ የቀበሌውን ቁጥር ብቻ ጻፍኩ። አይተውኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ቁጥር እኮ አገር አይሆንም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። «ሮቢት» እንደ ሐሙሲትና እንደ ማክሰኝት ከገበያ ቀን የወጣ ስም ይመስላል። ቆቦ በኩልም ሮቢት ስላለ፣ የእኛዋን «ሸዋ» የሚለው ይለያታል። በአጠገቧ የሚፈሰው ወንዝ ደግሞ ሮቢ ይባላል፤ ቃሉ በኦሮምኛ ረቡዕም ጉማሬም ነው። ገበያው ይቅደም ወንዙ፣ ስሙ የሁለት ቋንቋ ጎረቤትነት አለበት።

ወደ አንኮበር በኩል ያለችው አልዩ አምባ የሰው ስምና የአምባ ስም የተጋጠሙባት ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚመጡ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ይፋትን ራሷን የ14ኛው ክፍለ ዘመን አረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪ «አውፋት» ይላታል፤ ጀበርታም ትባል ነበር። ይህ ስም ባሕር ተሻግሮ፣ ካይሮ ላይ የታሪክ ጸሐፊው የአል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) መጠሪያ ሆኗል።

ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ቀበሌ ዳገቱንም ቆላውንም ሊይዝ ይችላል፤ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ወባ ካለበት ሜዳ ይምጣ አይምጣ የሚነግረን የመንደሩ ስም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ለተማሪዎቻችሁም ይህችን ንገሩልኝ፦ ስሙን ጠይቁ፣ እንደነገሯችሁም ጻፉት።