ቈጥሮ መከላከል
አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የአይስላንድ ታሪክ ለዚህ ቃል ምስክር ነው። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆነው ተማሪዎች ከመቶው 42ቱ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደ ነበር ገለጡ። ሹማምንቱ ይህን አሳፋሪ ቍጥር በሣጥን አልቈለፉበትም፤ ለየከተማውና ለየትምህርት ቤቱ አስታወቁት እንጂ። ጥናቱም ወጣቱን ከመጠጥ የሚጠብቀው ከወላጆቹ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜና በአሠልጣኝ የሚመራ ስፖርት መሆኑን አመለከተ። ስለዚህ ወላጆች ተባበሩ፤ ልጆች በሌሊት ከቤት ውጭ የሚቈዩበት ሰዓት በሕግ ተወሰነ፤ ለስፖርትና ለሙዚቃም ገንዘብ ተመደበ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ የሚሰክሩት 5 ብቻ ሆኑ፤ በየቀኑ የሚያጨሱትም ከ23 ወደ 3 ወረዱ። እንግዲህ እኛ ከዚህ የምንማረው፥ ወጣቱን መገሠጽ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ አስቀድሞ ቈጥሮ ማወቅ፥ ያወቁትንም ሳይደብቁ ለወላጅና ለመምህር ማካፈል ይገባል።